የሚለቅ ከል

መርሳ ላይ ሰው ሲሞት ከቄሱ ቀድማ የምትሰማው እታፈራሁ ናት። ጆሮዋ ረጅም ሆኖ እንዳይመስላችሁ፤ ሥራዋ ነው። የአንዲት እናት ልጅ ሩቅ አገር ሞተ የተባለ እንደሆነ፣ ዘመድ አዝማድ ተሰብስቦ መርዶውን ከመንገሩ በፊት አንድ ሰው ቀስ ብሎ ከገበያው ጀርባ ወዳለው የእታፈራሁ ግቢ ይዘልቃል። በብብቱ ነጭ ቀሚስና ነጠላ ሸጉጧል። «ውሃ አፍሊ» ይላታል። «ለማን ነው?» ትለዋለች። ይነግራታል። በዚያች ሰዓት የሟቹ እናት ገበያ መሀል ቁጭ ብላ ሽንኩርት ትመርጥ ይሆናል፤ ምናልባትም በሰው ቀልድ እየሳቀች ነው። እታፈራሁ ግን የሴትዮዋን ከል መንከር ጀምራለች።

ይህ ነገር ከእንጨቱ ጭስም ከማቅለሚያው ጎላ ክብደትም በላይ አድክሟታል። ያቺኑ ሴት መንገድ ላይ ብታገኛት ምን ትላታለች? «እንዴት ዋልሽ» ብትል ሐሰት፣ ዝም ብትል ሟርት። ስለዚህ አቋርጣ ማለፍ ለመደች። ሰዉም ለመዳት። እሷ ስትመጣ የሚያማትቡ አሉ፤ «ዛሬስ ወደ ማን ቤት ይሆን?» የሚሉ አሉ። ሰርግ ትጠራለች፤ ግን ሙሽሪት ካለችበት ጓዳ አትገባም። ጥፍሮቿ ሥር የገባው ጥቁር በሎሚ ብትለው በአመድ ብትለው አልወጣም። «ከለኛዋ» ይሏታል፤ እሷም እንደ ክርስትና ስሟ አቤት ትላለች። ሰው ምን ያድርግ? ሞትን ደፍሮ «ዞር በል» የሚለው ስለሌለ በእሷ ያሳብባል።

አሁን አሁንማ ተሰፍቶ የተዘጋጀ ጥቁር ልብስ በየሱቁ ሞልቷል። ወጣቶቹ እሱን ይገዛሉ። የእናትና የሚስት ከል ግን መርሳ ላይ ዛሬም ይነከራል። በዓመት በዓል የተለበሰው፣ ያ የደስታው ነጭ ቀሚስ ራሱ መጥቆር አለበት። ከሱቅ የመጣ ጥቁር ልብስ ነው እንጂ ሐዘን አይደለም ይላሉ ባልቴቶቹ። እነሱ ይህን ባይሉ ኖሮ እታፈራሁ ጎላዋን ደፍታ ካረፈች ቆይታ ነበር።

ሙያውን የተማረችው ወልድያ ላይ፣ ከአክስቷ ከማሚቴ ነው። ማሚቴ ብዙ የማትናገር፣ ስትናገር ደግሞ የምትቆጣ ሴት ነበረች። የመጀመሪያ ትምህርቷ ስለ ቀለም አልነበረም፤ ስለ ውሃ ነበር።

«ቀለሙን ተዪውና ውሃውን እዪ» አለቻት። «ሙቅ ውሃ ሆደ ሰፊ ነው፤ የሰጠሽውን ሁሉ ይይዛል። ቀዝቃዛ ውሃ ግን ትንሽ ቀመስ አድርጎ በቃኝ ይላል። የተረፈውን ይተፋዋል።»

እታፈራሁ ይህንን በዓይኗ እያየች አደገች። ጥቁሩ ዱቄት በተንተከተከ ውሃ ላይ ሲበተን ላፍታ ይንሳፈፍና ሟሙቶ ይጠፋል፤ ውሃው ራሱ ጥቁር ይሆናል፤ ያ ጥቁር ውሃ በጨርቁ ክር ውስጥ ሰርጎ ይገባል፤ በላዩ ጨው ሲጨመርበት ጨርቁ ቀለሙን አጥብቆ ይይዘዋል። ያው ዱቄት በቀዝቃዛ ውሃ ላይ ሲበተን ግን ይጓጉላል፣ ይንሳፈፋል፣ ከዚያም እንደ ጭቃ ከሥር ይቀመጣል። ጨርቁ ቢነከርበት ፊቱ ይጠቁራል እንጂ ልቡ አይጠቁርም፤ በመጀመሪያው እጥበት ሁሉንም ያራግፈዋል። ወልድያ ብርድ ስላለ ማሚቴ ጎላውን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልላ ነበር የምትሠራው። እንዲያም ሆኖ የተረፈው ውሃ አድሮ ጠዋት ሲታይ፣ ትናንት ሟሙቶ ያለቀ የመሰለው ቀለም ተመልሶ ከጎላው ሥር ተጋግሮ ይገኛል። እሳት ሲለቀቅበት እንደገና ይሟሟል። እታፈራሁ በልጅነቷ ይህ በጣም ይገርማት ነበር። በኋላ ስታረጅ መገረሙ ቀረ። የሰውም ሐዘን እንዲሁ መሆኑን አየች፤ አለቀ ሲሉት ጠዋት ከሥር ይገኛል።

አግብታ መርሳ ከገባች ወዲህ፣ በዚህ ሁሉ የሥራ ዘመኗ አንድ ጊዜ ብቻ ተሳስታለች። ጦርነቱ ካለፈ በኋላ የመጣው ክረምት ነበር፤ ጥይቱ ቆሞ መርዶው ያልቆመበት ጊዜ። በየቀኑ ውሃ አፍሊ፣ በየቀኑ ለማን ነው። ማገዶ የለም፤ ያለውም እርጥብ ነው፤ ያጨሳል እንጂ አይነድም። እታፈራሁ በቁሟ እያንቀላፋች ታማስል ነበር። የቡርቱካንን ቀሚስ የነከረችው በዚያ ሰሞን ነው። ቡርቱካን ባሏ የሞተባት፣ ገና የልጅነት ወዟ ከፊቷ ያልጠፋ ሴት ናት። ውሃው ለብ ከማለት አላለፈም ነበር። ዱቄቱ ሳይሟሟ በጨርቁ ላይ ተለጥፎ እንደቀረ እታፈራሁ አይታለች። ግን ክንዷ ዝሎ ነበር። «ይበቃዋል» አለችና አወጣችው።

የዚያ «ይበቃዋል» ቅጣቱ አልዘገየም። ለቀስተኛው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ዶፍ ዝናብ ያዘው። በሰው ሁሉ ፊት የቡርቱካን ቀሚስ ጥቁር ውሃ ያወርድ ጀመር፤ እግሯ ጠቆረ፣ ጫማዋ ጠቆረ፣ ቀሚሱ ግን እየነጣ ሄደ። ሴቶቹ አፋቸውን ያዙ። የባሏ እናት ቆመው «ምን ጉድ ነው ይሄ?» ብለው ጮኹ። ሁሉም ዓይን ወደ እታፈራሁ ዞረ። እንጨት አጣሁ፣ ደከመኝ ብትል ማን ይሰማታል? አፏ ላይ የመጣውን ተናገረች።

«ምን ላድርግ፣ ለቀቃት እኮ!» አለች።

እሷ ቀለሙን ማለቷ ነበር። ሰዉ ግን ሟቹን ማለቷ መሰለው። መጀመሪያ አንዲት ባልቴት ራሳቸውን ነቀነቁ። «እውነቷን ነው፤ ልጅ ናት፤ ምን ብሎ አስሮ ይያዛት? ለቀቃት» አሉ። ሌላዋ ተቀበለች፤ ሦስተኛዋ አለቀሰች። የባሏ እናት ቡርቱካንን አቅፈው በዝናብ ውስጥ ሳሟት። ልጅቱ ሙት ዓመቱ ሳይደርስ አግብታ ውርጌሳ ገባች፤ አንድም ሰው አፉን አልከፈተባትም። ከዚያ ወዲህ መርሳ ላይ ያልተጻፈ ሕግ ሆኖ ቀረ፤ ከሉ ከለቀቀ፣ ሟች ለቋል። እታፈራሁ ነገሩን ላስተካክል ብትል ማን ሊያምናት? ማስተካከሉም ምን ይጠቅማል? ዝም አለች። ግን ሙያተኛ ናትና አፈረች፤ ከዚያች ቀን በኋላ ከእሷ ጎላ የወጣ ከል ለቆ አያውቅም።

አሁን ወደ ራሷ ቤት እንግባ።

ደሳለኝ አንድያ ልጇ ነው። «ነው» የምትለው እሷ ናት፤ ሌላው ሰው «ነበር» ማለት ከጀመረ ሰንብቷል። ባጃጅ ይነዳ ነበር። በጦርነቱ ጊዜ ባጃጁ እንደወጣች ቀረች፤ ደሳለኝም እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። ሩትን ያገባት በዚያ ማጣት መሀል ነው። ሩት የውርጌሳ ልጅ ናት፤ ዝምተኛ፣ ከአማቷ ጋር ጎላ ስታማስል እንኳ ድምፅ የማታሰማ። ገና ወጉን ሳይጠግቡ ደሳለኝ «በባሕር ልሻገር ነው፤ ሳውዲ አንድ ዓመት ሠርቼ እመለሳለሁ» አለ። እናቱ ለመነችው። «ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ልጄ» አለችው። ሳቀ። ከጎረቤት ልጅ ከሙስዐብ ጋር ተያይዘው ሄዱ።

ከባሕሩ ዳር አንድ ጊዜ ደወለ። ከዚያ ወዲያ ስልኩ ዝም አለ። ብዙ ወራት ቆይቶ ሙስዐብ ተይዞ፣ ተጠርዞ፣ ከስቶ ተመለሰ። መጥቶ እታፈራሁ ፊት ቆመና ዓይኑን መሬት ላይ ተከለ።

«ሁለት ጀልባ ነበር የተነሳው እትዬ። እኔ የፊተኛው ላይ ነበርሁ፤ እሱ የኋለኛው ላይ። የእኛ ደረሰች። የኋለኛዋን ጠበቅናት፣ አልመጣችም።»

«ሲሰምጥ አየኸው?»

«ወላሂ አላየሁም።»

«እንግዲያስ!»

«ሲደርስም አላየሁም እትዬ» አለ ልጁ፣ እንባው እየወረደ።

እታፈራሁ ግን የመጀመሪያዋን «አላየሁም» ብቻ ይዛ ቀረች። የአካባቢው ሰው መርዶ ሊያረዳት ባሰበ ቁጥር «ያላየሁትን አልነክርም» እያለች መለሰችው። ጨው ይሟሟል፣ ቀለም ይሟሟል፣ እንዴት የሰው ልጅ ውሃ ውስጥ ሟሙቶ ይቀራል? ቀሚሷም ነጭ እንደሆነ ሁለት ክረምት አለፈ። ከእሷ ጋር ሩትም ተቀመጠች፤ ሚስት አይሏት ባል የላት፣ ባል የሞተባት አይሏት ከል አልለበሰች። ጠዋት ውሃ ትቀዳለች፣ ቀን ታማስላለች፣ ማታ ስልኳን ከራስጌዋ አስቀምጣ ትተኛለች። እታፈራሁ ይህን ታይ ነበር። ማየትና ማየት መፈለግ ግን የተለያየ ነገር ነው።

ጉዳዩን የከፈተችው ሲቲ ናት። ሲቲ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ዳር ሻይ ታፈላለች፤ ከእታፈራሁ ጋር አንድ ሰሞን የተዳሩ፣ አንድ ሰሞን የወለዱ ጎረቤቶች ናቸው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ተሳፋሪው ጋብ ሲል፣ ሻይ ቀድታ ፊቷ አስቀመጠችላትና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ፍቅሩን ታውቂው የለ? ያ የወልድያው መካኒክ፤ ሲሪንቃ መንገድ ዳር የሚሠራው። ሩትን ፈልጎ ለቤተሰቦቿ ሰው ልኮ ነበር።»

እታፈራሁ ብርጭቆውን ሳትነካ ቀረች። «እሷስ ምን አለች?»

«ምን ትበል? "እማማ ነጭ እንደለበሱ እኔ ምን ብዬ እሄዳለሁ" አለች አሉ። አንቺን ነው የምትጠብቀው እታፈራሁ። ደሳለኝን ጠብቃ ጠብቃ፣ አሁን የምትጠብቀው አንቺን ነው።»

እታፈራሁ ተቆጣች። በሩት ተቆጣች፣ በመካኒኩ ተቆጣች፣ ይህን በነገረቻት በሲቲ ደግሞ ይበልጥ ተቆጣች። «የልጄ አልጋ ሳይቀዘቅዝ!» አለች። ሲቲ እያደር የሚበርድ ቁጣ መሆኑን ታውቃለች። በእርግጥም ቁጣው ብዙ አልቆየም፤ ለመቆጣትም ጉልበት ይጠይቃል። እታፈራሁ ስኳሩን አንስታ በብርጭቆዋ ጨመረች፤ ታማስል ጀመር። ሻዩ ቀዝቅዞ ነበር። ስኳሩ ዞረ ዞረና ከሥር ተቀመጠ።

«በቀዘቀዘ ሻይ ስኳር ምን ያደርግልሻል?» አለች ሲቲ። «በትኩሱ ነበር እንጂ! አሁንማ ብታማስዪው አይሟሟ። አምጪው፣ ልቀይርልሽ።»

«ተዪው።»

«ሩትም እንዲሁ ናት፤ እንዳትቀየሚኝ። ቤትሽ ከሥር ተቀምጣለች። በእኛ ሸሪዓ ባሏ የጠፋባት ሴት እንኳ ጊዜ ይቆረጥላታል፤ የመጠበቂያ ጊዜዋን፣ ዒዳዋን ጨርሳ መንገዷን ትሄዳለች። አላህ ይሰብርሽ አላለም፤ ታገሺ ነው ያለ።»

እታፈራሁ ሻዩን እንደዚያው፣ ስኳሩን ከሥር ትታ ጠጣችው። አልጣፈጣትም። ወደ ቤቷ አዘገመች። ልጄ ሞተ ብላ ካመነች ሩት ነፃ ትወጣለች፤ ካላመነች ሩት በቁሟ ትቀበራለች። እንዲህ ያለ ሚዛን በማን ላይ ተጥሎ ያውቃል?

ደግሞም ነገሩ እንዲያ ቀላል አልነበረም። ያንን ያወቀችው ጋሽ አለሙ በመጡ ጊዜ ነው።

ጋሽ አለሙ የሟች ባሏ ታላቅ ወንድም ናቸው፤ ቁጥብ፣ በስማቸው የሚኮሩ፣ ክፉ የማይባሉ ግን ቃላቸው የማይታጠፍ ሽማግሌ። ከሰዓት በኋላ በሯን ገፍተው ገቡ። ከኋላቸው ሁለት ሽማግሌዎች ከአጥሩ ሥር ቆሙ። እታፈራሁ ገበታዋን ትጠርግ ነበር።

«ውሃ አፍሊ» አሉ ጋሽ አለሙ።

ከልማዷ «ለማን ነው?» አለች።

አልመለሱላትም። ቀና ብላ አየቻቸው። በብብታቸው ምንም አልያዙም። ቀሚስ ሳይዙ ውሃ አፍሊ የሚል ሰው አይታ አታውቅም። ዓይናቸውን ተከትላ ዞረች፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን የእሷን ነጭ ቀሚስ ነበር የሚያዩት። ከዚያ ሌላ መርዶ አላስፈለጋትም። በዚህ ጊዜ «ያላየሁትን አልነክርም» አላለችም፤ የሲቲ ቃል ከጆሮዋ አልወጣም ነበር።

ጩኸት የጠበቁ ሽማግሌዎች ፈራ ተባ እያሉ ገቡ። እታፈራሁ አልጮኸችም። ለብዙ እናቶች ጩኸት ቀለም ስትነክር ኖራ የራሷ ተራ ሲደርስ ጩኸቱ አልቆባት ነበር። «እንጨቱ እርጥብ ነው» አለች ብቻ። ከዚያ ቁጭ አለች። ሩት ከጓዳ ወጥታ አጠገቧ ተንበረከከች፤ ሁለቱም ተቃቅፈው ድምፅ ሳያሰሙ አለቀሱ።

ልቅሷቸው ጋብ ሲል ጋሽ አለሙ ተናገሩ። «ለቅሶው ከነገ ወዲያ ነው። ከሉን ሌላ ሰው ይንከረው።»

«የልጄን ከል ሌላ ሰው አይነክረውም ጋሼ።»

«እንዳልሽ። የሩትንም ጨምሪ። ሩት የእኛ ናት፤ ያለ በድን የተቀበረ ልጅ ሚስቱም ብትሄድበት ምን ይቀርለታል? ከሉ በላይዋ እስኪያልቅ ከዚህ ግቢ አትወጣም። የወንድሜ ቤት በር አይዘጋም።»

ሽማግሌዎቹ «ደግ ብለዋል» አሉ። ሩት አንገቷን ደፋች። እታፈራሁ የምራቷን አንገት አየች፤ ቀጭን ነው፣ ያኔ ቡርቱካን በዝናብ ውስጥ ቆማ እንደደፋችው ያለ አንገት። በእሷ እጅ በፈላ ውሃ የተነከረ ከል አያልቅም፤ ስንት ዓመት ታጥቦ የማይለቅ መሆኑን ከማንም በላይ ታውቃለች። እስኪያልቅ ማለት እስክታረጅ ማለት ነው። ልቧ ውስጥ አንድ ነገር ተነሳ፤ ግን አልተናገረችውም።

«እሺ ጋሼ» አለች። «እንዳሉት።»

በማግስቱ ማልዳ ጎላውን ጣደች። ደረቁን እንጨት መርጣ አነደደች፤ የመርሳ ፀሐይም ከላይ ታግዛለች፤ ውሃው ቶሎ ተንተከተከ። የቀለሙን ዱቄት በላዩ በተነችው። ለአንድ ቀሚስ ከሚበቃው እጥፍ አድርጋ ጨመረች፤ ጨውንም ሳትሰስት በእፍኟ ዘገነችለት። ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ ይባል የለ? ውሃው ሁሉንም ዋጠው። ለባሏ ከል ሌላውን ነክራ ያተረፈችውን የሰርግ ቀሚሷን፣ ደሳለኝ ክርስትና የተነሳ ዕለት የለበሰችውን፣ ባጃጁን የገዛ ቀን ለብሳ የጨፈረችበትን፣ ያንን ቀሚስ ቀስ አድርጋ አስገባችው። ነጩ ላፍታ ከላይ ተንሳፈፈ፤ በማማሰያው ጫነችው፤ ሰጠመ። ከጎላው ዳር ቁጭ አለች። «ልጄ» አለች። «ልጄ፣ ልጄ።» በዚያን ጊዜ አመነች። ለምን በዚያን ጊዜ እንደሆነ እሷም አታውቀውም።

ቀሚሱ ክሩ ሁሉ ጠቁሮ ወጣ። ከዚያ እታፈራሁ ተነስታ እሳቱን በተነች፣ ፍሙን በአመድ አፈነች፣ ጎላውን አጋድላ ጥቁሩን ውሃ ደፋች። በጥላ ከተቀመጠው ጀሪካን ቀዝቃዛ ውሃ ሞላችበት። አዲስ ዱቄት በተነች። ዱቄቱ ተጓጎለ፤ ገሚሱ ተንሳፈፈ፤ ገሚሱ ወደ ሥር ወረደ። ጨው አልጨመረችም።

«ቀሚስሽን አምጪ» አለቻት ሩትን።

ሩት ይዛ መጣች። ጎላውን አየች፤ የጠፋውን እሳት አየች። ስንት ጊዜ አብራት አማስላለች፤ ሥራውን ታውቀዋለች።

«እማማ፣ ውሃው አልፈላም እኮ።»

«ፈልቷል።»

ሩት እጇን ወደ ውሃው ከተተች። አላቃጠላትም። «እማማ፣ ቀዝቃዛ ነው። ዱቄቱም አልሟሟ፤ ከሥር…»

«ፈልቷል አልሁሽ!» አለች እታፈራሁ።

ሩት አማቷን ቀና ብላ አየቻት። እታፈራሁ ፊቷን ወደ አጥሩ አዞረች። ከዚያ ሩት ከንፈሯን ነከሰች፤ እንባዋ እየተንጠባጠበ ጎላው ውስጥ ገባ።

«እማማ፣ እኔ ደሳለኝን ጠልቼ አይደለም። አንድም ቀን…»

«አውቃለሁ ልጄ። ዝም ብለሽ አማስዪ።»

ቀሚሱ ሲወጣ ጥቁር ነበር። ለማያውቅ ሰው ከሌላው አይለይም። ፀሐይ ላይ ሲሰጡት ግን እታፈራሁ በጣቷ ጫፍ ነካችው፤ ጣቷ ላይ ዱቄቱ ተከትሎ መጣ።

ለቅሶው ሆነ። የደሳለኝ ፎቶግራፍና ጃኬቱ መሀል ላይ ተቀመጡ፤ ከሲሪንቃም ከውርጌሳም ሰው መጣ። ሙስዐብ ከበሩ ውጭ ቆሞ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ሩት ደረቷን ስትመታ መዳፏ ጠቆረ፤ ላብና እንባ ሲወርድባት በአንገቷ ላይ ጥቁር መስመር ሠራ። ሲቲ ተጠግታ ልታጽናናት ስታቅፋት ያንን መስመር አየች፤ ከዚያ የእታፈራሁን ፊት አየች። ነጠላዋን ስባ የሩትን አንገት ሸፈነችና «ያረቢ፣ አንተ ታውቃለህ» ብላ ተመልሳ ተቀመጠች። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር አንድም ቃል አልተነፈሰችም፤ ያቺ ወሬ የምትወድ ሲቲ!

አርባው ከወጣ በኋላ ከሉ ለመጀመሪያ ጊዜ የሚታጠብበት ቀን ደረሰ። ጎረቤት ሴቶች እንደ ወጉ ሊያግዙ መጡ። ጋሽ አለሙም መጥተው ከጥላው ሥር በርጩማ ላይ ተቀመጡ። ሁለት ሳፋ ውሃ ተቀዳ፤ አንዱ ለሩት፣ አንዱ ለእታፈራሁ።

ሩት ቀሚሷን አስገባች። ገና አንዴ አሸት ስታደርገው ውሃው ጠቆረ። ደፍተው ሌላ ቀዱላት፤ እሱም ጠቆረ። ሦስተኛው አመድማ ሆነ፤ ቀሚሱም ከሳፋው ሲወጣ ነጣ ብሎ ወጣ። ሴቶቹ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። እታፈራሁ አንገቷን ደፍታ ጠበቀች። በዚያች ደቂቃ አንድ ሰው ብቻ «ውሃው ሳይፈላ ቀርቶ ይሆናል» ቢል ሁሉ ነገር አለቀ። ግን ከቡርቱካን ከል በቀር፣ ከእታፈራሁ ጎላ የወጣ ከል እንዲያ ሆኖ እንደማያውቅ መርሳ ሁሉ ያውቃል።

«ለቀቃት» አሉ እኒያው ባልቴት፣ የቡርቱካን ጊዜ የተናገሩት። «ነፍሱን ይማረውና፣ ደግ ልጅ፤ ለቀቃት።»

«ለቀቃት» አለች ሌላዋ።

ጋሽ አለሙ ከበርጩማቸው ተነሱ። ፊታቸው ተለዋውጧል። «ደግመሽ ንከሪላት» አሉ።

እታፈራሁ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና አለች። ዓይኗ ከእንቅልፍ ማጣት ቀልቷል። «ጋሼ፣ ልጄ የለቀቃትን እኔ ላስራት?» አለች።

ሽማግሌው ሴቶቹን አዩ። ቀስ ብለው ተቀመጡ። ሩት ቀሚሷን ደረቷ ላይ አስጠግታ ይዛ፣ ውሃው እግሯ ላይ እየተንጠባጠበ፣ እንደ ሐውልት ቆማ ቀረች። ሲቲ ክንዷን ይዛ ወደ ጓዳ አስገባቻት።

«ያንቺስ?» አሉ ጋሽ አለሙ፣ ድምፃቸው ሰልሎ። «ያንቺስ ከል?»

እታፈራሁ ቀሚሷን ሳፋው ውስጥ ከተተችው። አሸችው። በሳሙና ደግማ አሸችው። ከዚያ በሁለት እጇ አንስታ፣ ባላት ጉልበት ሁሉ ጨመቀችው። የወረደው ውሃ ጠርቶ ነበር፤ የሳፋው ሥር ይታያል።

«የኔማ ይዟል» አለች፤ ወስዳም ገመዱ ላይ ሰጣችው።